የእትዬ ነፊሳ የስኳር አተር

የእትዬ ነፊሳን ሞት የነገረኝ ጉንጩን በጫት የወጠረ የባጃጅ ሹፌር ነው። ቦርደዴ እህቴ ወልዳ ሦስት ቀን ስጠይቃት ሰንብቼ መመለሴ ነበር። ጭሮ መነኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩና ሰፈሬን ስነግረው በመስተዋቱ አየኝ። "እዚያ ሰፈር ትናንት ጀናዛ ነበር እኮ። ያቺ ሁሉን የምትጸየፈው አሮጊት" አለ። ሲናገር አረንጓዴ ምራቅ ከከንፈሩ ጥግ ወጣ። በእጁ ጀርባ ጠረገውና እጁን መልሶ መሪው ላይ አሳረፈው። "ኢና ሊላሂ" ማለት ሲገባኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ኤጭ!" ነው።

አስተግፊሩላህ፣ ሰው ሞቶ ኤጭ አይባልም። ግን እሳቸው ቢሰሙኝ የሚፈርዱልኝ ይመስለኛል። ሞታቸው ከእንዲህ ያለ አፍ መነገሩን ቢያውቁ ተነሥተው አፉን በሳሙና ያጥቡለት ነበር። እንባዬ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ከእንባውም በፊት አንድ ነገር ነው በጭንቅላቴ ያለፈው። ቦርደዴ የሄድኩ ዕለት ጠዋት አንድ ሳህን አተር በራቸው ላይ ሰጥቼ ነበር። በሉት ወይስ አልበሉትም? ሰው ሞተ ሲባል የሚታሰበው ይሄ ነው? ለምን እንደታሰበኝ ልናገር፣ ከዚያ ፍረዱኝ።

እትዬ ነፊሳ የአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። በልጅነታቸው ከስልጤ ተድረው መጡ፤ ባላቸው እዚህ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ያኔ የከተማው ስም አሰበ ተፈሪ ነው፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው አሰበ ተፈሪ እንዳሉ ነው የሞቱት። ባላቸው ካለፉ፣ አንዲት ልጃቸው ሐያትም በደሳ ከተዳረች በኋላ ብቻቸውን ነው የኖሩት። እኔ ጀማልን አግብቼ እዚህ ግቢ የገባሁ ሰሞን በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝና "እጅሽን አሳዪኝ" አሉ። ሰላምታ መስሎኝ ዘረጋሁ። ጥፍሬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይተው "ደህና፣ ንጹሕ ነሽ" ብለውኝ ሄዱ። ወላሂ፣ የሠርጌ ዕለት እንደዚያ አልኮራሁም።

መጸየፍ ለሳቸው የሙሉ ቀን ሥራ ነበር። ሁለት ጣታቸውን አጋጥመው የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ያነሣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ "እፍፍ" ይላሉ። ከዚያ ያቺን ጥያቄያቸውን ያመጣሉ፦ "የማን እጅ ነክቶታል?" ሥጋ ቤት በር ላይ ቆመው፣ "የማን እጅ ነክቶታል?" ሠርግ ቤት ሳህን ሲቀርብ ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣ "የማን እጅ ነክቶታል?" የባጃጅ ብረት እንኳ በሻርፕ ጠቅልለው ነው የሚይዙት። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በሳቃችን ውስጥ ጥርሳችንን ያዩና እንደገና "እፍፍ" ይላሉ።

አንድ የገበያ ቀን አብረን ወጣን። ቲማቲም ሻጯ ቲማቲሙን ምራቅ ባስነካችው ጨርቅ እያሸች ታብለጨልጫለች። እትዬ ነፊሳ ቆመው አዩዋት። "ልጄ፣ ምራቅሽን ነው የምታበይኝ?" አሏት። ሴትየዋ ምንም ሳታፍር "ማል ጎና እትዬ፣ ምን እናድርግ፣ ውሃ የለ!" ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን አልገዙም። እኔም ከጎናቸው ቆሜ መግዛት አፈርኩና ሁለታችንም ባዶ ዘንቢል ይዘን ተመለስን። ባሌ ያን ቀን እራቱን ያለ ቲማቲም በላ።

ከገበያ የመጣ ነገር ቤታቸው ሲገባ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፦ አንዴ በውሃ፣ አንዴ በሎሚ፣ አንዴ እንደገና በውሃ። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ! ስለዚህ ነው የስኳር አተሩ ሲመጣ እንደዚያ የሆኑት።

ያመጣላቸው የሐያት ባል ነው። አዳማ ለሥራ ሄዶ ከዘር ሱቅ አንድ ፓኬት ገዛላቸው፤ ፓኬቱ ላይ ወፍራም አረንጓዴ አተር ተስሏል። "የስኳር አተር ነው፣ ከነቅርፊቱ ነው የሚበላው ብሎኛል ሻጩ" አላቸው። "ቅርፊት የሚበላ ፍየል ነው" ብለው ሊመልሱለት ነበር። ግን ፓኬቱ የታሸገ ነው። የማንም እጅ አልነካውም። እሱን ነው የወደዱት።

መስከረም ተጋምሶ ዝናቡ ሲቀል ዘሩን ውሃ ውስጥ አሳደሩና በእኔና በሳቸው ግቢ መካከል ባለው አጥር ሥር አንድ ረድፍ ተከሉ። የማሽላ አገዳ አቆሙለት፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ክር እየመዘዙ ከአገዳ አገዳ ወጠሩለት። አተሩ ክሩን እየጨበጠ ወጣ፣ አጥሩን አልፎ ወደ እኔ ጓሮም አንገቱን አሰገገ። ውሃውን በተመለከተ እሳቸው መላ አበጁ። ከረድፉ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጡና በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርጉት እዚያ ላይ ሆነ። ሲጉመጠመጡ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ፤ የእጅና የእግራቸው ውሃ ግን በቀጥታ ወደ አተሩ ሥር ነው የሚወርደው። ሰላት በደረሰ ቁጥር ድንጋዩን አንድ እርምጃ ያንፏቅቁታል፣ ለረድፉ ሁሉ እንዲደርሰው።

"እትዬ፣ አሁን ይሄ የእግር እጣቢ አይቀፍዎትም?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ልነካካቸው ፈልጌ።

"የኔ እግር በቀን አምስቴ ይታጠባል" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "የገበያው ጎመን መቼ ታጥቦ ያውቃል?"

ኅዳር ሲያልቅ አተሩ ደረሰ። እየለቀሙ በሳህን በሳህን ለየጎረቤቱ ላኩ። ሰፈሩ ምን አደረገ? ፈለፈለው። ውስጡ ያለችውን ሚጢጢ ፍሬ ለቅሞ ወፍራሙን ቅርፊት ለበግ ጣለ። እሳቸው ይሄን ሲሰሙ ሻርፓቸውን አጥብቀው በየቤቱ ዞሩ። "ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ሥጋውን ለበግ፣ አጥንቱን ለራሳችሁ!" እኔ ቤት ሲደርሱ ተቀምጠው አሳዩኝ። ጫፉን ይቀነጥሱታል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ክር ስብ አድርገው ያወጡታል፣ ክሩን የሳህኑ ከንፈር ላይ ያስቀምጡታል፣ ከዚያ አተሩን ኩርሽም። የሁለተኛውን ክር ከመጀመሪያው ጎን፣ የሦስተኛውን ከሁለተኛው ጎን፤ ሁሉም ጫፋቸው ወደ ውጭ፣ እኩል ተሰልፈው። ክር እንኳ ተዝረክርኮ ማየት አይወዱም።

"ሳይታጠብ?" አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ።

"ምኑ ይታጠባል?" አሉ። "የጓሮ ነው።"

እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ እትዬ ነፊሳ ሳያጥቡ የሚበሉት ነገር ያ ብቻ ነበር። ከአተሩ ሐረግ ላይ ቀንጥሰው እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይበሉታል፣ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ይሆናል። በየዓመቱ ዘር ያስቀራሉ፣ በየዓመቱ ይተክላሉ። ሰማያዊ ዳርቻ ያለው የብረት ሳህን አለኝ፤ እኔ ሳምቡሳም ሆነ ሌላ ያበሰልኩትን አድርጌበት እልካለሁ፣ በእኛ ሰፈር ሳህን ባዶውን ስለማይመለስ እሳቸው አተር ሞልተው ይልኩልኛል። ከሰፈሩ ሁሉ ሳይጠይቁ የሚበሉት እኔ ያበሰልኩትን ብቻ ነበር። "የሰዓዳን እጅ አውቀዋለሁ" ይሉ ነበር ለሰው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ እኛ ግቢ ልምጣ።

ጀማል ጫት ነጋዴ ነው። ከመሰላ ገበሬ ይሰበስባል፣ ይጭናል። ጓሯችን ውስጥ ደግሞ ለራሱና ለጓደኞቹ የሚሆን ሃያ ያህል እግር ጫት አለው። ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ይሞላል። እነሱ ተነሥተው ሲሄዱ ምንጣፌ ላይ ገራባው፣ የተጣለው እንጨትና ቅጠል፣ ተቆልሎ ይቀራል፤ የምራቅ መትፊያው ጣሳ ውስጥ የሚታየውን አልናገርም። ያንን የማነሣው እኔ ነኝ። ጫቱን የሚረጨው ደግሞ ምንም ጽሑፍ በሌለው የውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ በሚመጣ ነገር ነው። መድኃኒት ይሉታል። መድኃኒት! ሽታው ከተሰጣ ልብስ ላይ በሁለት እጥበት አይለቅም። ዛሬ ይረጨዋል፣ ከነገ ወዲያ ቀንጥሶ በአፉ ይከተዋል፣ ቀጥሎ ስለ ጤና ያወራል።

አተሩ በተተከለ በሦስተኛው ዓመት ደመናው በዛና ክሽክሽ ያዘው፤ ያ ቅጠል ሥር ተደራርቦ የሚመጥ ትንሽ አረንጓዴ ተባይ። እትዬ ነፊሳ በሳሙና ውሃ አጠቡት፣ አመድ ነሰነሱበት። አልሄደም። በመጨረሻ በጣታቸው ይጨፈልቁት ጀመር። እሳቸው! ፊታቸውን አዙረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ እየዘገነናቸው፣ ቅጠል በቅጠል። ለዚያ አተር ሲሉ ያን አደረጉ።

አንድ ቀን ለዘመድ ሠርግ ከቤት ወጡ። እኔ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ ጀማል በካናቴራ ሆኖ መርጫውን በጀርባው አዝሎ እያንጎራጎረ ጫቱን ይረጫል። ጫቱን ጨረሰና ዞሮ የመርጫውን አፍ በአጥሩ ላይ አሳለፈ፤ የሳቸውን አተር ከሥር እስከ ጫፍ አርከፈከፈው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ክሽክሽ ፈጀባቸው እኮ። ምስኪን ሴትዮ፣ በሳሙና ይታገላሉ። ውለታ ነው፣ ለጎረቤት።"

"ሳያጥቡ ነው እኮ የሚበሉት!"

ሳቀ። "ጫቱንስ ማን ያጥበዋል? እኔ ስሞት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ክፋት አይደለም። ያ ነው የሚያናድደኝ። ለሳቸው አስቦ ነው ያደረገው፣ የሚያውቀው ደግነት ያ ነው። እኔ ግን አውቅ ነበር። ሠርግ ቤት ሄጄ ልነግራቸው አሰብኩ፤ ማታ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ጠዋት አልኩ። ጀማልን ፈርቼ አይደለም። ያን ሻርፕ ፈራሁ። ወደ አፍንጫቸው ሲያነሡት፣ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ለእኔ "እፍፍ" ሲሉ ታየኝ። የሰዓዳን እጅ አውቀዋለሁ ያሉት ሴትዮ።

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። "ሰዓዳ! ነይ እይ! ማሻአላህ፣ ሳሙናው ሠራ!" ክሽክሹ ሞቶ ቅጠሉ ላይ እንደ ጉድፍ ረግፏል። ደስታቸው! "ማሻአላህ" አልኩ። ይሄን አፌን። ቀትር ላይ ሳህኑ መጣ፣ ጢም ብሎ። ተቀበልኳቸው፣ አመሰገንኩ፣ በሩን ዘጋሁና ቆሻሻ ማዳበሪያው ውስጥ ገለበጥኩት። ከዚያ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ በውሃ፣ በሎሚ፣ በውሃ። በመስኮት ሳይ እሳቸው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ኩርሽም ያደርጋሉ።

በሁለተኛው ቀን አስመለሳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ተኝተው አገኘኋቸው። "የሠርጉ ሥጋ ነው" አሉኝ። "የማን እጅ እንደነካው አላህ ይወቅ።" ጨውና ስኳር በጥብጬ አጠጣኋቸው፣ ግንባራቸውን ዳሰስኩ፣ መረቁኝ። አጎንብሼ ምርቃቴን ተቀበልኩ። ስለ ራሴ ስናገር ምራቄ አፌ ውስጥ ይሞላል፤ ቱ! በሦስተኛው ቀን ተሽሏቸው ተነሡና ሌላ ሳህን ላኩልኝ። እሱንም ደፋሁት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ የሚወስደው የአህያ ጋሪ መጣ። ማዳበሪያዬን እየጎተትኩ በር ላይ ስደርስ ከሥሩ ተቀደደ። አተሩ ሁሉ ዝርግፍ ብሎ መንገዱ ላይ ፈሰሰ፣ ከአመድና ከገራባ ጋር። እትዬ ነፊሳ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ቆሻሻ ወዳለበት ፊታቸውን እንኳ የማያዞሩት ሴት መጥተው አጎነበሱ፣ በባዶ ጣታቸው ከቆሻሻው ውስጥ አንድ አተር አነሡ።

"ሰዓዳ፣ ይሄ የኔ አይደለም?"

የማዳበሪያውን ቅዳጅ በእጄ ለመሸፈን ሞከርኩ።

"ምን አደረግሁሽ?" አሉኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ የተቀየምኩባቸው መስሏቸው ነው።

ነገርኳቸው። እዚያው መንገድ ላይ፣ ጋሪው እየጠበቀ። አተሩን በመዳፋቸው ይዘው ሰሙኝና "መቼ ነው የረጨው?" አሉ።

"ሠርግ የሄዱ ዕለት።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "አንቺ በማግስቱ ከላክሁልሽ ጀምሮ ነው የጣልሽው?"

"አዎ።"

"እኔ ስበላ እያየሽ?"

ሻርፓቸውን እስኪያነሡ ጠበቅሁ። አላነሡም። "እፍፍ"ም አላሉም። እንደ አዲስ ሰው ዓይኔን አዩት፣ ቀጥሎ እጄን አዩት፤ ያን የመጀመሪያ ቀን እንዳዩት እንኳ አይደለም። አተሩን ቆሻሻው ላይ መልሰው አስቀመጡና ወደ ግቢያቸው ገቡ።

ረድፉን ሙሉውን ነቀሉት። አገዳውን ሰበሩት፣ ጉድጓድ ቆፍረው ሁሉንም ቀበሩት፣ ለዘር ያስቀሩትን ሳይቀር። ከዚያ ታጥበው ልብሳቸውን ለውጠው አተር በላኩበት ቤት ሁሉ ዞሩ። "አተሬ ተበላሽቷል፣ የተረፈ ካላችሁ ጣሉት። የታመመ አለ? አፉ በሉኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።" የጀማልን ስም አላነሡም። የእኔንም አላነሡም። ሰፈሩ "ዛሬ ደግሞ የገዛ አተራቸው ቀፈፋቸው!" ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። እኔም ሲስቁ መሀላቸው ተቀምጬ ነበር። ጀማል ሲሰማ ተቆጣ፤ ውለታው መና ስለቀረ። እሳቸው የውዱእ ድንጋያቸውን አንሥተው ወደ ቤቱ ማዶ ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አልጎደለም። "ደህና አደርሽ ሰዓዳ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?" ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በአረፋ ሳህኔን ሞልቼ ላክሁ። ሳህኑ ተፈትጎ ታጥቦ ተመለሰ፤ ባዶውን አይደለም፣ እሳቸው ወግ አያጓድሉም። መሀሉ ላይ አንድ ፓኬት ብስኩት አለ። የታሸገ። በረመዳን ላክሁ፤ የታሸገ ብስኩት። ሲታመሙ ሾርባ ላክሁ፤ የታሸገ ብስኩት። የእኔ ምግብ የት እንደሚሄድ አልጠይቅም ነበር፤ ድመታቸው ግን እየወፈረች ሄደች። ልጆቼ ብስኩቱ ሲመጣ ይዘላሉ። እኔ አንዱንም መዋጥ አልቻልኩም።

ጀማልን "ወይ ይሄ መርጫ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ" አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ልብሴን ስሰበስብ ሳቁን ተወና መርጫውን መሰላ ወንድሙ ጋ ወሰደው። ጓሮ ያለውን ጫቱን ትል በላው። አንድ ወር አኮረፈኝ፤ ሳሎኔ ከጓደኞቹ ያረፈበት ወር እሱ ብቻ ነው። በአጥሩ ሥር ያለውን መሬት አፈሩ ይጥራ ብዬ አንድ ዓመት ባዶውን ተውኩት። በሁለተኛው ዓመት ወደ አዳማ የሚሄድ ሰው ለምኜ ያንኑ ፓኬት አስመጣሁና በእኔ በኩል ተከልኩ። ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ ውዱኤን እዚያ ላይ አደረግሁ፣ በየሰላቱ አንድ እርምጃ አንፏቀቅሁት። ክሽክሽ ሲመጣ በጣቴ ጨፈለቅሁት። አረንጓዴው ዝልግልግ ጥፍሬ ሥር ሲገባ ይዘገንነኛል። ይዘግንነኝ እላለሁ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

እትዬ ነፊሳ ከአጥሩ ማዶ ያልፋሉ፣ ያያሉ፣ ምንም አይሉም። አንድ ጠዋት ብቻ ቆሙ። "አገዳው አጥሯል። ይወድቅብሻል" አሉና ሄዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ሌላ ያሉኝ ይሄ ነው። ያንኑ ቀን ረጅም አገዳ ፈልጌ አቆምኩ።

የመጀመሪያውን ፍሬ ለቀምኩና በሰማያዊው ሳህን ላክሁላቸው። ብስኩት መጣ። ያን ቀን ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ በራሴ ተናደድኩ። ምን ጠብቄ ነበር? ሰው ሲበላ እያየሁ ዝም ያልኩ ሴት ነኝ።

ታኅሣሥ ላይ ደም ግፊታቸው ተነሣና አልጋ ያዙ። ሐያት ከበደሳ መጣች። እህቴ ወለደች ሲባል እኔ ወደ ቦርደዴ መሄድ ነበረብኝ። ጠዋት አተሩን ለቀምኩ፣ ሳህኑን ሞላሁና በሩ ላይ ለሐያት ሰጠኋት። "አጥበሽ ስጪያቸው" አልኳት። እሷ የነበረውን ነገር አታውቅም፤ እናቷ ለልጃቸው እንኳ አልነገሩም። ድምፃቸውን ከውስጥ ሰማሁ፣ ግን ለመግባት አፈርኩ። መኪናው ያመልጠኛል ብዬ ለራሴ ዋሸሁና ሄድኩ።

እንግዲህ ባጃጁ ያደረሰኝ ወደዚያ ለቅሶ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንዶቹ ተደርድረው ይቅማሉ። ገራባው የእትዬ ነፊሳ ግቢ ላይ! አንዱ የምራቅ ጣሳውን የውዱእ ድንጋያቸው ላይ አስቀምጦታል። ለቅሶ ላይ ሰው አይሰደብም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ጣሳውን አንሥቼ ከግቢ አውጥቼ ወረወርኩት፣ ተመልሼ ድንጋዩን በሳሙና አጠብኩ። ለቀስተኛው "እሷም ጀመራት" እያለ አየኝ። ጀማል መሀላቸው ተቀምጦ ጉንጩን እያሸ "ደግ ጎረቤት ነበሩ፣ አላህ ይርሐማቸው" ይላል። "አተራቸውን እንኳ እኔ ነበርኩ የምረጭላቸው።" ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው" አሉት። ወጥቼ ጓሮ አስመለሰኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ሐያት ሳህኑን ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። "አፉ በይኝ ሰዓዳ፣ በትርምሱ አልታጠበም" አለች። "ባዶውንም ነው ያመጣሁልሽ፣ ምንም የለኝም።"

"አተሩስ?" አልኳት።

"እማ በልታዋለች እኮ። ሌላ ምግብ እምቢ ብላ ነበር። እንዳልሽኝ ላጥበው ስነሣ እጄን ያዘችኝ። 'ምኑ ይታጠባል? የጓሮ ነው' አለች።"

ሳህኑን ተቀበልኳት። ከንፈሩ ላይ ዘጠኝ የአተር ክር አለ። ደርቀዋል፣ ግን ጫፋቸው ሁሉ ወደ ውጭ ነው፣ እኩል ተሰልፈዋል።

ቤት ወስጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ጀማል በማግስቱ አይቶ ፊቱን አጨማደደ፣ "ይሄን ቆሻሻ አጥቢው እንጂ፣ ዝንብ ሰፈረበት እኮ!" አለ። እስካሁን አላጠብኩትም።